እትዬ ያመጡት ክር

ሰኞ 2

ዛሬ ሸምገል ያሉ ሴት ደረጃውን አንድ በአንድ ወርደው ምድር ቤት ድረስ መጡ። በአንድ እጃቸው ጃንጥላ፣ በሌላው በፎጣ የተጠቀለለ ሣጥን ይዘዋል። «ድምፅ የምታድኚው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። በዚህ ሥራ ሃያ ሁለት ዓመት ስቆይ እንዲህ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። አለቃዬ «ቴክኒሻኗ» ይለኛል፤ ባሌ «የክር ሐኪም» እያለ ያሾፍብኛል። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ፤ ትንሽም ኮራሁ።

ማንነታቸውን ሲነግሩኝ ወንበር ሳብኩላቸው። «የኋላው በር» የሚለውን ዘፈን የሠራው ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወት የነበረው ሰውዬ ሚስት ናቸው። ባላቸው ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ዘፈኑ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመቱ ነው። አለቃዬ አልበሙን አስጸድቶ እንደገና ሊያወጣው ስለሆነ ዘፈኖቹ የተቀረጹባቸው ዋናዎቹ የቴፕ ክሮች መደርደሪያዬ ላይ ተደርድረዋል። ክሩን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ከአልበሙ ጋር የሚወጣውን የታሪክ መጽሐፍ የሚጽፈው ደግሞ አዋቂው ነው። ይህን ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከበሮ መቺው በየትኛው ቀረጻ ላይ ምን ዓይነት ካልሲ እንዳደረገ ሳይቀር ያውቃል። አላምንም ካሉት ፎቶ ያመጣል።

እትዬ ያመጡት ክር ዘፈኑ ስቱዲዮ ከመግባቱ በፊት እቤታቸው ጓዳ ውስጥ የተቀረጸ ነው። በአልበሙ ላይ የሚዘፍነው የቡድኑ ዘፋኝ ነው። በዚህ ክር ላይ ግን ባላቸው ብቻውን ይዘፍናል። ባላቸው ሲዘፍን የተቀረጸበት ሌላ ምንም ነገር የለም።

«ቀኝ ጆሮዬ ሄዷል» አሉኝ፣ በግራቸው በኩል እንድቀመጥ በእጃቸው እያሳዩኝ። «ግራውም ቢሆን ዝናቡ እስኪያባራ ከቆየልኝ ጥሩ ነው ብሎኛል ሐኪሙ። አንዴ ልስማውና ከዚያ እንደፈለገ ይሁን።»

«አያስቡ፤ በእኔ ይሁን» አልኳቸው።

ማክሰኞ 3

ችኮላ። አለቃዬ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ደወለ። ሦስት ጥቅል ክር ማድረቂያው ውስጥ ገብቷል፤ ሁለቱ የአልበሙ፣ አንዱ የእትዬ። የዝናቡ እርጥበት ክሩን ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ ከመጫወቱ በፊት በለሰለሰ ሙቀት ስምንት ሰዓት መድረቅ አለበት። ማድረቂያው ሰዎች ፍራፍሬ የሚያደርቁበት ዕቃ ነበር፤ ባሌ ነው ለክር የቀየረልኝ። ፍሪጅና ምድጃ ጠጋኝ ነው። «አንቺንም ያገባሁሽ ብልሽት ስለምወድ ነው» ይላል።

የእትዬ ሣጥን ላይ የክሩ ዓይነት ተጽፏል፤ የሚደርቀው ዓይነት ነው። ጥሩ። አዋቂው ጎኔ ቆሞ ስለ ካልሲው ያወራል።

ረቡዕ 4

ዛሬ የምጽፈው ነገር የለኝም።

ሐሙስ 5

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

የእትዬን ክር አበላሸሁት። ሁለቱ የአልበሙ ጥቅሎች ደህና ወጡ። የእትዬ ክር ግን ጠርዝና ጠርዙ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ሆኖ አገኘሁት። ጫፉን ስነካው ጣቴ ላይ ተሰበረ። ማሽኑ ላይ ብሰቅለው ድምፁን በሚያነበው የማሽኑ ራስ፣ ሄዱ ላይ ተኝቶ አይሄድም፤ ያነክሳል፤ ሲብስም ይበጠሳል።

ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚነገረው አንድ ነገር ነው። ከማድረቅህ በፊት ጥቅሉን ወደ መብራት አንሣው። ብርሃን ካላሳለፈ አድርቀው። ብርሃን ካሳለፈ የቀደመው ዘመን ፕላስቲክ ነውና ሙቀት አታስጠጋው። ሁለት ሴኮንድ አይፈጅም። እኔው ራሴ ለስንቱ አስተምሬዋለሁ! በዚያ ዘመን ባዶ ሣጥን አይጣልም ነበር፤ አንዱን ክር አውጥተው ሌላውን ይከቱበታል፤ የሣጥን ላይ ጽሑፍ የማይታመነው ለዚህ ነው። አዋቂው እንኳ ያውቀዋል።

ሣጥኑ አሳሳተኝ። ማድረቂያውም ሙቀቱ ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። አዋቂውም ጆሮዬ ላይ በካልሲ ወሬ ሲያደርቀኝ ነበር።

አይ። ወደ መብራት ማንሣት የነበረበት የእኔ እጅ ነው።

ሰኞ 9

እትዬ ደወሉ። «ክራችን እንዴት ሆነ?» አሉ። «ክራችን» ነው ያሉት።

«ተራ እየጠበቀ ነው እትዬ።»

«ይጠብቅ፤ እሱም ሲጠብቅ ነው የኖረው» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው አንድ ታሪክ ነገሩኝ። ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ሊቀርጹ ሲሉ ፍሪጁ እምም እያለ አስቸገራቸው። ነቀሉት። ዘፈኑን ቀርጸው በደስታ ሰክረው ወጡ፤ ፍሪጁን መልሶ የሰካው የለም። በሦስተኛው ቀን ወተቱና ሥጋው ሸተተና አከራይዋ አይጥ ሞቷል ብላ ወለሉን ልታስነቅል ሰው ጠራች። ሰውዬው ወለሉን ነቅሎ ምንም አጣ፤ ከዚያ ፍሪጁን ከፈተ። «ወለሉ እስካሁን ያዘነብላል» አሉኝ እትዬ። በዚህ ወር ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

«አንቺስ ደህና ነሽ? ድምፅሽ ሌላ ሆነብኝ» አሉኝ ሊዘጉ ሲሉ።

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«እህ» አሉ። «ጉንፋኑ ሲለቅሽ ንገሪኝ እሺ ልጄ?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ደግ ሴት ናቸው፤ ስለ ጤናዬ አስበው ይሆናል።

ረቡዕ 11

አለቃዬና አዋቂው ደረጃው ላይ ሲያወሩ ሰማኋቸው። አለቃዬ የጓዳውን ቀረጻ የአልበሙ መጨረሻ ላይ ሊያስገባው አስቧል። አዋቂው «እንዲያው ክሩ ይተርፋል ወይ?» ሲለው፣ አለቃዬ «እሷ እጅ ከገባ አትስጋ፤ ይቺ ሴትዮ አንድ ክር አበላሽታ አታውቅም» አለው።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፈትኩ። እጄን ለመታጠብ ነው።

ሐሙስ 12

የሙያ መጽሐፎቼን ሁሉ አገላበጥኩ። የድሮው ፕላስቲክ በሙቀት የሚጠፋበት ነገር በውስጡ ያለው ትንሽ ውኃ ነው። ውኃው ቀስ ብሎ ከተመለሰለት ትንሽ ትንሽ ይለሰልሳል የሚል አንድ አንቀጽ አገኘሁ። «ትንሽ ትንሽ» ነው የሚለው፤ «ይድናል» አይልም። ክሩን ክዳን ባለው ትልቅ ሣህን ውስጥ አስቀምጬ፣ ሳይነካው ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ። ዝናቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ የሚሠራ ነገር ሆነ።

በየሰዓቱ ክዳኑን እየከፈትኩ አየዋለሁ። ክዳን በተከፈተ ቁጥር እርጥበቱ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ግን እከፍተዋለሁ።

ሰኞ 16

እትዬ በሰዓታቸው ደወሉ። የዛሬው ወሬ ስለ ጫማ ነው።

«የኋላው በር» ሲጀምር ጧ፣ ጧ፣ ጧ የሚል ድምፅ አለ። የዘፈኑ አፍቃሪዎች ስለዚህ ድምፅ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተከራክረዋል። ጅራፍ ነው ያለ አለ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ የእንጨት መሣሪያ ነው ያለ አለ። አዋቂው ብቻውን አራት ገጽ ጽፎበታል። ለካ የእትዬ የሥራ ጫማ ነው! ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበር፤ ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ ሶሉ እንጨት የሆነ ጫማ ያደርጋል። ከሥራ ሲመለሱ አከራይዋ እንዳትነቃ ጫማቸውን አውልቀው በጓሮ በር ይገባሉ። ዘፈኑም ስለ እሱ ነው። አዋቂው መጽሐፉ ላይ ስለ አንዲት ምስጢራዊ ውሽማ የጻፈው ሁሉ ውኃ በላው።

*በኋላው በር ግቢ፣ ጫማሽን አውልቂ፣*
*ቤቱ ነቅቶ ይሰማል፣ ቀስ ብለሽ ሳቂ።*

በጓዳው ቀረጻ ላይ ባላቸው ጠረጴዛውን የመታው በዚያ ጫማ ነው። ስቱዲዮ ሲገቡ ያንን ድምፅ በእንጨት ሞከሩ፣ በማንኪያ ሞከሩ፣ በከበሮ መቺው ጉልበት ሳይቀር ሞከሩ። አልመጣም። በመጨረሻ ጫማውን የሚያመጣ መኪና ወደ ቤት ተላከ። «እኔ የዚያን ቀን የእሱን ጫማ አጥልቄ ሥራ ገባሁ» አሉ እትዬ። «አርባ አራት ቁጥር! አለቃችን እንደ ዳክዬ እየተራመድሽ ነው አለችኝ።»

የስልኩ መስመር ዛሬ ደህና አልነበረም። የምለውን ሁሉ ሦስት ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው። የስልክ ሠራተኞቹን መጥራት አለብኝ።

ስለ ክሩ አልጠየቁኝም። እኔም አላነሣሁትም።

ማክሰኞ 17

አለቃዬ ወረደና «የጓዳው ክር?» አለኝ። ማድረቂያው ተበላሽቶ ባሌ እየጠገነው ነው አልኩት። ከአፌ ወጣ። ውሸቱ ሳይሆን እንዴት ቶሎ እንደመጣልኝ ነው የገረመኝ።

ዓርብ 20

ክሩ ትንሽ የተዘረጋ መሰለኝ። ወይም ዓይኔ ነው።

ቅዳሜ 21

ባሌ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ አለቃዬን አግኝቶታል። እራት እስክንጨርስ ምንም አላለኝም። ሳህኑን ካነሣ በኋላ ተመልሶ ተቀመጠ።

«አለቃሽ አመሰገነኝ» አለ።

«ለምን?»

«እኔም እሱን ልጠይቅሽ ነው። ምንድን ነው እየጠገንኩ ያለሁት?»

ነገርኩት። ስነግረው አላቋረጠኝም። ከሁለት ሳምንት በላይ ማንም ያልሰማውን ነገር ለአንድ ሰው ስናገር እንባዬ መጣ። ውሸቴን በእሱ ማላከኬ ደግሞ ከሁሉ በላይ አሳፈረኝ።

«እኔ የሰው ፍሪጅ ሳበላሽ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ?» አለኝ። «ባለቤቱን ጠርቼ አበላሽቼብሃለሁ እለዋለሁ። ይሰድበኛል። እሰማለሁ። ከዚያ እጠግነዋለሁ። ሳልሰደብ ልጠግን ብዬ ሞክሬ አውቃለሁ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ሌላ ሦስት ነገር ሰበርኩ።»

«የእኔ እኮ ፍሪጅ አይደለም።»

«አዎ፤ ለዚህ ነው ቀድመሽ መናገር የነበረብሽ።»

ተቆጥቶ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ሳህኑን አጥቦ ተኛ።

ሰኞ 23

ዛሬ እነግራቸዋለሁ ብዬ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ አጠናሁ። አልደወሉም። እኔ ደወልኩ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሣም። ገበያ ሄደው ይሆናል።

እፎይ ማለቴን እዚህ ካልጻፍኩ ይህን ደብተር መያዜ ምን ዋጋ አለው? እፎይ አልኩ።

ማክሰኞ 24

አምስቴ ደወልኩ። አይነሣም። እኚህ ሴትዮ ገበያ ውስጥ አላደሩ።

ረቡዕ 25

ቤታቸው ሄድኩ። ደወሉን ደጋገምኩት፤ በሩን ደበደብኩት። በመስኮት ሳይ እትዬ እዚያው ናቸው፤ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሹራብ ይተረትራሉ። ስልኩ አጠገባቸው ነው። መስታወቱ ፊት ቆሜ እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጄን ሳወናጭፍ አዩኝና ደንግጠው ተነሡ።

በሩን ከፍተው፣ «ዛሬ ሰኞ ነው እንዴ?» አሉኝ።

የስልኩ መስመር ምንም አልሆነም ነበር፤ እየሄደ ያለው የእሳቸው ግራ ጆሮ ነው። ይህን ያወቅሁት ዛሬ ነው ብል ይኸው ደብተር ይስቅብኛል።

በግራቸው ተቀመጥኩ። ያጠናሁትን ቀስ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ ጀመርኩ። «ምን?» አሉ። ትንሽ ከፍ አደረግሁት። «ምን አልሽኝ ልጄ?» በሹክሹክታ ልናገረው የነበረውን ነገር በመጨረሻ ተነሥቼ ቆሜ፣ በመንገድ ሻጭ ድምፅ፣ «ክሩን አበላሽቼዋለሁ! የባልዎን ክር አበላሽቼዋለሁ!» ብዬ ጮህኩት። የማዶ ጎረቤት መስኮት ተከፈተ። ውሻ ጮኸ። አንድ ሰውዬ ከላይኛው ፎቅ «ምን ሆነ?» አለ።

እትዬ ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። «አሁን ሰማሁ» አሉ። «ጉንፋኑ ለቀቀሽ?»

«ያውቁ ነበር?»

«ከጉንፋኑ ቀን ጀምሮ አውቄዋለሁ። ሰው ደህና የሆነን ነገር ደህና ነው ይላል እንጂ ተራ እየጠበቀ ነው አይልም።»

«ታዲያ ለምን ይደውሉልኝ ነበር?»

«ክሩ ካልሆነለት ታሪኩ አንቺ ጋ ይቀመጥ ብዬ ነዋ! ማን ጋ ላስቀምጠው? የምነግረው ሰው ሁሉ ቀድሞኛል።»

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ማለት የነበረብኝን ሁሉ አልኩ፤ እየጮህኩ። እጄን ያዙኝ፤ ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ክሩን ይቅር ብዬሻለሁ፤ እጅ ይስታል» አሉኝ። «ሦስቱን ሳምንት ግን ወሰድሽብኝ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እኔ ስንት ድምፅ እንደሄደብኝ ታውቂያለሽ? እሱን ይቅር ለማለት ትንሽ ጊዜ ስጪኝ።»

እውነታቸውን ነው። ክሩ እንዲህ አላመመኝም።

ከመውጣቴ በፊት ሣህኑን፣ እርጥቡን ጨርቅ፣ የተዘረጋውን ጠርዝ ሁሉ ነገርኳቸው። አንዴ ብቻ ሊጫወት ይችል ይሆናል፤ ላይችልም ይችላል አልኩ። «መቼ?» አሉ። አሥር ቀን ያህል ይስጡኝ አልኳቸው። በጣታቸው ቆጥረው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐሙስ 26

ለአለቃዬ ነገርኩት። ቁጭ አለ። ቆመ። እንደገና ቁጭ አለ። «ሃያ ሁለት ዓመት» አለ። «አዎ» አልኩ። ከዚያ የሚገባኝን ሁሉ አለኝ፤ ከክሩ ይልቅ በባሌ አሳብቤ መዋሸቴ ነው ያበሳጨው። ሰማሁ። ባሌ እንዳለው ነው፤ ከተሰደብኩ በኋላ እጄ ቀለለኝ።

አዋቂው ማታ ሊወጣ ሲል አንድ ብርጭቆ ሻይ ይዞልኝ ወረደ። «እኔ አንዴ የከበሮ መቺውን እናት ሞተዋል ብዬ በመጽሐፍ ጽፌያለሁ» አለ። «መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ ደወሉልኝና ራሳቸው ሰደቡኝ። ድምፃቸው በጣም ጤነኛ ነበር።» ስለ ጫማው ነገርኩት። አራቱን ገጽ አውጥቶ እፊቴ ቀደደው። ሰው በመሳሳቱ እንዲህ ደስ ሲለው አይቼ አላውቅም።

ሰኞ 30

ስልክ። «እኔ አልሰማሽም፤ አንቺ ግን ስሚኝ» አሉ እትዬ። «የዛሬ ሳምንት በጠዋት እመጣለሁ። ጆሮዬ በጠዋት ይሻለዋል። ክሩ ደረሰም አልደረሰም እመጣለሁ። በይ ደህና ዋይ።» ዘጉት።

ዓርብ 4

አዲስ ወር። ማሽኑን ፈታትቼ ክሩን የሚጨምቀውን ሁሉ አላላሁ። በጣም በዝግታ ነው የሚሄደው። ክሩ ራሱ ሄዱ ላይ መተኛት ስለማይችል እኔ በጥጥ በተጠቀለለ ጣቴ ደገፍ አደርገዋለሁ። ሁሉም ነገር በእጅ ነው። ከመጀመሪያው ጫፍ አንድ ክንድ የማትሞላ ሞከርኩ።

ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አዋቂው ከላይ «ምን ሆንሽ?» ሲል «ጫማ!» አልኩት፤ ሮጦ ወረደ።

ግን ሁሉም አልተመለሰም። ጠርዙ ያልተዘረጋባቸው ቦታዎች አሉ፤ እዚያ ስንደርስ ድምፁ ይጠፋል። አምስት ወይም ስድስት ቦታ። አንዱ በጣም ረጅም ነው። ይህን ምን አድርጌ እንደምነግራቸው አላውቅም። አውቃለሁ፤ እየጮህኩ ነው።

ሰኞ 7

እትዬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መጡ። ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ክሩ ድምፁ የሚጠፋበት ቀዳዳ እንዳለው በግራ ጆሯቸው ጮኼ ነገርኳቸው። «እኔስ ቀዳዳ የለኝም?» አሉ። በግራቸው የጆሮ ማዳመጫ አደረግሁላቸው፤ ቀኝ መዳፋቸውን ደግሞ ድምፅ ማጉያው ላይ አስቀመጡ፤ ማንም አላሳያቸውም። አዋቂው መቅጃው ጋ ተቀመጠ። እኔ ጣቴን ክሩ ላይ አኖርኩና ማሽኑን አስነሣሁት።

ጫማው መጣ። እትዬ ፈገግ አሉ። ከዚያ ጊታሩ፣ ከዚያ እሱ። ዘፋኝ አይደለም። ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል፤ በሰው ፊት ዘፍኖ የማያውቅ ሰው ድምፅ ነው። እትዬ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምን ያህሉን በጆሯቸው፣ ምን ያህሉን በመዳፋቸው እንደሰሙት አላውቅም። ፊታቸው ግን ሰምቷል።

*በኋላው በር ግቢ...* አለና የመጀመሪያው ቀዳዳ ላይ ደረስን። ድምፁ ጠፋ።

እትዬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ *«ጫማሽን አውልቂ»* ብለው ዘፈኑ።

ጮክ ብለው። ራሳቸውን ስለማይሰሙት ነው መሰለኝ ምንም አልተሳቀቁም። ክሩ ወዲያው ተመለሰ፤ ባላቸው *ቤቱ ነቅቶ ይሰማል* ብሎ ልክ ካቆሙበት ተቀበላቸው። አዋቂውን አየሁት። እጄ ክሩ ላይ ስለሆነ በአገጬ ማይክሮፎኑን አሳየሁት። ገብቶት ከፈተው።

ከዚያ በኋላ እንዲያ ሆነ። እሱ ሲዘፍን እሳቸው ዝም፤ እሱ ሲጠፋ እሳቸው ይቀበሉታል። እሱ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ እሳቸው ሰባ ስምንት። ሁለተኛውን ቀዳዳ ሞሉት፤ ሦስተኛውን ሞሉት፤ አራተኛው ላይ እየሳቁ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያበላሸሁት ክር ይህ ብቻ ነው፤ ከሠራሁትም ሁሉ የምወደው ይህ ነው። እንዲህ ማለት ነውር ከሆነም ይሁን።

ረጅሙ ቀዳዳ የመጨረሻው ስንኝ ላይ ነው። እሱ *ነግቶ ነበር ለካ፣ መስኮቱ ሳይነግረኝ* አለና ጠፋ። እትዬ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ቃሉ ጠፋባቸው። ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ፤ ፍርሃት ነበር ፊታቸው ላይ፤ ጆሯቸውን ስለማጣት ሲያወሩ እንኳ ያላየሁት ፍርሃት።

እኔ አልዘፍንም። ባሌ እንኳ ስዘፍን ሰምቶኝ አያውቅም። ይህን ዘፈን ግን ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ በልቤ አውቀዋለሁ። ወደ ግራ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩና፣ ጣቴ ክሩ ላይ እንዳለ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፦

*«የእግርሽ ኮቴ ነው፣ ንጋቱን ያሳየኝ!»*

ተቀበሉኝ። አብረን ደገምነው፤ ከዜማም ከምትም ወጥተን። ክሩ ሲመለስ እሱ የመጨረሻዋን ቃል ይዞ እየጨረሰ ነበር። ከዚያ ጥቅሉ አልቆ ማሽኑ ላይ ባዶውን ተሽከረከረ፤ ጣቴን አነሣሁ።

አዋቂው መቅጃውን አቆመ። «ማይክሮፎኑ የአንቺንም ድምፅ ይዞታል» አለኝ። «መጨረሻ ላይ ያለውን ላጥፋልሽ?»

«አጥፋው፣ አጥፋው» አልኩ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ። ጮኼ ነገርኳቸው።

«ለምን ይጠፋል?» ብለው ተቆጡ። «ሦስት ሆነን ዘፈንነው ብለህ መጽሐፍህ ላይ ጻፍ። ክሩን ማን እንዳበላሸውም ጻፍ፤ እኔ ፈቅጄልሃለሁ።» እጄን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። «ስለ ሦስቱ ሳምንት ገና እንደተቀየምኩሽ ነው» አሉኝ፤ እጄን ግን አለቀቁትም።

«ልክ ነዎት እትዬ።»

«ልክ ነኝ። በይ አሁን ቁጭ አትበዪ፤ የቀዳነውን ከመጀመሪያው አምጪው።» ማዳመጫውን በግራ ጆሯቸው ላይ አስተካከሉ። «ገና እሰማለሁ እኮ።»